ፍሬን ለማለት ቪዛ አላስፈለገንም

አጎቴ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ አላቸው። ግድግዳው ላይ፣ ከንግድ ፈቃዱ ጎን፣ ከድሮ ካላንደር የተቆረጠ የቀይ ፌራሪ ፎቶ ተለጥፏል። ጠርዙ በግራሶ ጠቁሯል። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን እዚያ ነበር የማሳልፈው። እሳቸው መኪና ሥር ገብተው እጃቸውን ብቻ ያወጡና "ያቺን ብሎን!" "የካምቢዮውን ቁልፍ!" ይላሉ፣ እኔ አቀብላለሁ።

እነዚያ ቃላት አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። ፍሬን፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኮፈኖ፣ ማርሚታ። ጣልያንኛ መሆናቸው የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንጂነሪንግ ስማር ነው። የአዲስ አበባ መካኒክ ሳይታወቀው ግማሽ ቀኑን ጣልያንኛ ሲያወራ ይውላል፤ ፍሬን ለማለት ቪዛ የጠየቀው የለም። በ1935 ድንበር ጥሰው የገቡት የቃላቱ ባለቤቶችም ፎርም አልሞሉም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የውድድር ካላንደር በዚያ ስለሆነ።)

አጎቴ አሁን 61 ዓመታቸው ነው። "ሳልሞት ባየው" ሲሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞንዛን። በ1922 የተሠራው፣ ዙሪያው 5.793 ኪሎ ሜትር የሆነው፣ ውድድሩ ሲያልቅ ሕዝቡ አስፋልቱን ሞልቶ ሽልማቱ ሥር የሚጨፍርበት የጣልያን ሜዳ። ሥራ ይዤ ትንሽ ትንሽ መቆጠብ ስጀምር ለራሴ ቃል ገባሁ፦ እወስዳቸዋለሁ።

አልወሰድኳቸውም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ግማሹ ንዴቴ በሩን በዘጉት ላይ ነው። ግማሹ ደግሞ በእኛው ላይ ነው፣ ራሴን ጨምሮ። የትኛው ግማሽ እንደሚበልጥ አንብባችሁ ፍረዱ።

* * *

የመኪና ውድድር ለማየት ውጭ አገር መሄድ የሚፈልግ ሰው ዩቲዩብ ቢከፍት የሚያገኘው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ "ቀድማችሁ አቅዱ።" ትኬት ከስድስት ወር በፊት ግዙ። ሆቴል ከከተማው ወጣ ብላችሁ ያዙ። ከትሪቡን ይልቅ ሣር ላይ ተቀመጡ፣ ይረክሳል። የጆሮ መከላከያና የዝናብ ልብስ አትርሱ።

ምክሩ ውሸት አይደለም። የተሰጠው ግን ለሌላ ሰው ነው። በእነዚያ ቪዲዮዎች ውስጥ ፓስፖርት የሚባለው ነገር የሚነሳው አንዴ ብቻ ነው፤ "ቤት ረስታችሁት እንዳትወጡ" ተብሎ። እኛ ዘንድ ፓስፖርቱ ራሱ ነው እቅዱ። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ አንድን ትልቅ ነገር ቆራርሶ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ እንጀራዬ ነው። በ2024 ኤክሴል ከፍቼ ጀመርኩ። ሞንዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድ ሆነብን፤ ስለዚህ ረከስ ያለ ሌላ የአውሮፓ ውድድር መረጥንና ሞንዛን "ለሚቀጥለው" አልነው። የየትኛው አገር እንደነበር አልናገርም። የሼንገን አባል ነው፤ ሕጉም ፎርሙም የጋራ ስለሆነ ስሙ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ኤክሴሉ ላይ ሁለት ዓምድ ነበር፤ "ምን ያስፈልጋል" እና "ከምን በኋላ"። ጉዱን ያወጣው ሁለተኛው ነው። ቪዛ ለማመልከት የሆቴልና የደርሶ መልስ በረራ ማስያዣ ያስፈልጋል። ሆቴሉንና በረራውን አቅም በሚችለው ዋጋ ለመያዝ የማይመለስ ገንዘብ መክፈል አለብህ። የማይመለስ ገንዘብ ለመክፈል ደግሞ ቪዛ እንደምታገኝ ማወቅ አለብህ። በእኛ ሥራ ይሄ ዴድሎክ ይባላል። ሀ ለን ይጠብቃል፣ ለ ሀን ይጠብቃል፣ ሁለቱም ቆመው ያድራሉ። ፕሮግራም ውስጥ ሲገጥመኝ አንዱን ገድዬ እንደገና አስነሳዋለሁ። እዚህ ግን የሚሞተው የኔ ብር ነው።

ወረቀት መሰብሰብ ጀመርን። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት። ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ። የአጎቴ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም ከነትርጉሙ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። ከዚያ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ የማመልከቻ ክፍያ፤ ብትፈቀድም ብትከለከልም አይመለስም። አጎቴ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን አይተው "ስሞት እንኳን ይሄን ያህል ወረቀት አይጠየቅልኝም" አሉ።

መልሱ ሲመጣ ሳጥን ሳጥን ያለው አንድ ገጽ ነው። ለሁለታችንም ምልክት የተደረገው ያው ሳጥን ላይ ነበር፤ ቪዛው ከማብቃቱ በፊት ለመውጣት ያላችሁ ፍላጎት ያጠራጥራል የሚለው። ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ ለመውጣት ያልፈለጉ ሰው፣ ከአውሮፓ ለመውጣት ፍላጎት የላቸውም ተብለው ተጠረጠሩ።

ጋራዥ ሄጄ ስነግራቸው ምንም አላሉም። አንድ ላዳ ኮፈኖዋ ተከፍቶ ነበር። ተመልሰው ጎንበስ አሉ።

* * *

እዚህ ላይ "አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት አለው" የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አለው። ለስብሰባ ሄደው የቀሩ ሰዎችንም አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ መጠየቄ አይከፋኝም። የሚከፋኝ የጥያቄው ዓይነት ነው። ገንዘብህን አሳይ ብትለኝ አሳይሃለሁ። ሥራህን አሳይ ብትለኝ አሳይሃለሁ። የነገ ፍላጎትህን አሳይ ስትለኝ ግን ምን ላምጣ? ማለፊያ መንገድ የሌለውን ፈተና እኛ ፈተና አንለውም። ውጤቱ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ሌላው ለመልክ የተቀመጠ ኮድ ነው።

ነገሩ በእኔና በአጎቴ ወረቀት ብቻም አላበቃም። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያውያንን በሙሉ የሚመለከት እርምጃ ወሰነ። ለቪዛ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆመ። ምክንያቱ የተባለው መንግሥታችን አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በበቂ ሁኔታ አልተባበረም የሚል ነው።

እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡት። ሁለት ወገን ስለ ሦስተኛ ሰው ተጣላ፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ወረፋ ላይ የቆመው አራተኛ ሰው ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው። ከሁሉም የባሰው የብዙ ጊዜ ቪዛው መቅረት ነው። እሱ ማለት እምነት የሚጠራቀምበት መንገድ ነበር፤ ትሄዳለህ፣ በቀንህ ትመለሳለህ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ትታመናለህ። አሁን አሥር ጊዜ ሄደህ አሥር ጊዜ ብትመለስም በአሥራ አንደኛው እንደ አዲስ ተጠርጣሪ ነህ። "አትመለሱም" እያሉ የሚመለሰውን ሰው ዋጋ አሳጡት።

* * *

ፎርሙላ ዋን ከ1950 ጀምሮ ራሱን "የዓለም ሻምፒዮና" ብሎ ይጠራል። አጎቴና እኔ ብዙ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ከጋራዡ አጠገብ ያለ ቡና ቤት ገብተን፣ የእንግሊዝ ኳስ ከሚያየው ሕዝብ ጋር ስለ አንዲት ቴሌቪዥን ተደራድረን፣ ጥግ ላይ በስልክ ነው ያየነው። ዓለም ውስጥ ነን ብለን።

በ2025 የዚህ ዓለም ሻምፒዮና 24 ውድድር ነበረው። ባሕሬን፣ ሳዑዲ፣ ኳታርና አቡዳቢ ብቻ አራቱን ይዘዋል። አሜሪካ ሦስት አላት። አፍሪካ ዜሮ። መላው አህጉር። የመጨረሻው የአፍሪካ ውድድር የተደረገው በ1993 ደቡብ አፍሪካ፣ ኪያላሚ ላይ ነው፤ እኔ አልተወለድኩም። ከዚያ ውጭ ሞሮኮ በ1958 አንድ ጊዜ ካዛብላንካ ላይ አዘጋጅታ ነበር። እስከ ዛሬ ብቸኛው አፍሪካዊ ሻምፒዮን ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር ነው፤ በ1979፣ በፌራሪ። አጎቴ ይህን በቃላቸው ያውቁታል።

ሉዊስ ሀሚልተን ውድድሩ ወደ አፍሪካ ይምጣ እያለ ዓመታት አልፈዋል። በዲሴምበር 2024 ሩዋንዳ ለማዘጋጀት በይፋ ጠይቃለች። ይሁን፣ ደስ ይላል። እስከዚያው ግን ቃሉን በትክክል እንጠቀምበት። ሜዳው እኛ ጋ አይመጣም፣ እኛም ሜዳው ጋ አንደርስም። እንዲህ ያለው ነገር በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የሌሎች ሰዎች ድግስ ነው። ድግስ ማየት ኃጢአት አይደለም፤ ተጋብዘናል ብሎ ራስን ማታለል ነው ጅልነቱ።

ገንዘቡስ? ያንኑ ዓመት ጁላይ 29 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር የቆጠብኩት የአውሮፓ ጉዞ ባንክ ውስጥ ተኝቶ ግማሽ ሆነ። "ቀድማችሁ አቅዱ" የሚሉት ሰዎች ይህን አልነገሩኝም። ቀድሞ ማቀድ የሚጠቅመው የዛሬው ገንዘብህ የነገም ገንዘብ ሲሆን ነው።

* * *

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ ንዴቴ።

ቪዛው መከልከሉ መሥሪያ ቤት ሲሰማ ሁሉም አማካሪ ሆነ። "አቡዳቢ ሞክር፣ እዚያም አለ።" "ሲንጋፖር?" "ካናዳ የምታውቀው ሰው የለህም?" አንድም ሰው ኬንያ አላለም። ለነገሩ እኔም አላልኩም። ዋና ከተማዋ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት የምትርቅ፣ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ የሚገባባት፣ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና የሚካሄድባት ጎረቤት አገር ለሳምንታት አእምሮዬ ውስጥ አልመጣችም።

ትዝ ሲለኝ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። "ሳፋሪ ራሊ ልናይ ኬንያ እንሄዳለን።" የአንዱ መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ "ኬንያማ ምኑ ውጭ ነው?"

በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ብዙ አሰብኩ። ቀልድ ነው፤ ግን እውነት አለበት። በእኛ አፍ "ውጭ አገር" ማለት ከድንበር ማዶ ያለ አገር ማለት አይደለም። የሚከለክለን አገር ማለት ነው። በሩ በጠበበ ቁጥር ውጭነቱ ይጨምራል። አሜሪካ በጣም ውጭ ነው። አውሮፓ ውጭ ነው። ኬንያ ግን ስለማትከለክለን ውጭ መሆን አልቻለችም። ክብራችንን የምንለካው ባዋረደን በር ነው ማለት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ነው።

ወርቅነቱን ልንገራችሁ። ሳፋሪ ራሊ የተጀመረው በ1953 ነው፤ ለእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል ተብሎ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ። በደጉ ዘመኑ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳ ነበር፣ ያውም ለትራፊክ ባልተዘጋ መንገድ፣ በጭቃና በጎርፍ መካከል። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና በ1973 ሲጀመር ከመጀመሪያው ውስጥ ነበረበት። ከ2002 በኋላ ወጣ፤ በ2021 ተመለሰ። አሁን ዋና ሰፈሩ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ነው።

ያሸነፉትን ሰዎችም ተመልከቱ። ጆጊንደር ሲንግ የኬንያ ሲክ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ። በ1965 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ባገለገለች ቮልቮ የፋብሪካ ቡድኖቹን አሸነፈ። ከዚያ በ1974 እና በ1976 ደገመው። ሼካር ሜህታ ኡጋንዳ ተወለደ፤ በ1972 ኢዲ አሚን የእስያ ዝርያ ያላቸውን ሲያባርር ኬንያ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመት ሳፋሪን አሸነፈ። በአጠቃላይ አምስት ጊዜ። የመካኒክ ልጅና ስደተኛ። ለእኛ ከዚህ የቀረበ ታሪክ የቱ ነው? የሞናኮን መርከቦች ስንቆጥር ይህን የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

* * *

በማርች 2025 ሄድን። የተጠየቅነው ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ካርድ ነው። አጎቴ የኢሚግሬሽን መስኮቱን ካለፉ በኋላ ቆም ብለው "በቃ?" አሉኝ። "በቃ ጋሼ" አልኳቸው። ዞረው መስኮቱን እንደገና አዩት።

ዐቢይ ጾም ነበር። ናይቫሻ በራሊ ሰሞን ደግሞ በየመንገዱ ሥጋ ይጠበሳል። አጎቴ አራት ቀን ሙሉ ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ፣ ማለትም ገንፎ መሰል የበቆሎ ምግብና ጎመን፣ በሉ። "ጎመኑ የኛ ነው፣ ዘይቱ በዛ" ብለው ፈረዱ።

ቅዳሜ ጨለማ ሳይገፍ ተነስተን ስሊፒንግ ዋሪየር የሚባለው ቦታ ደረስን። መንገዱ ውድድሩ ከመጀመሩ ብዙ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ያለ ሌሊት አይሆንም። ለሀብታም የተዘጋጀ ድንኳን አለ፤ እኛ የቆምንበት ላይ ግን ትኬት የጠየቀን የለም። ከላይ ሄሊኮፕተር ይዞራል፤ አንዱ ሥራው የሜዳ አህያና ቀጭኔ መንገዱ ላይ እንዳይገቡ ማየት ነው። መሬቱ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ ነው፣ ፌሽ ፌሽ ይሉታል። ሞተሩ አቧራና ውኃ እንዳይስብ መኪኖቹ አየር የሚወስዱት እስከ ጣሪያ በሚወጣ ቱቦ ነው።

የመጀመሪያዋ መኪና ከመታየቷ በፊት አቧራዋ ታየ። ከዚያ ድምፅዋ። ከዚያ አጠገባችን ደርሳ አለፈች፤ የያዝነው ውኃ፣ ጥርሳችን፣ ሁሉ ነገር አሸዋ ሆነ። አጎቴ ዓይናቸውን እያሹ፣ "ቪትዝ ናት እንዴ?" አሉ።

ቪትዝ ነበረች። ማለቴ፣ ቶዮታ በጃፓን ቪትዝ ሲላት የኖረችውን መኪና ለውጭ ገበያ ያሪስ ይላታል፤ በናይቫሻ የምትሮጠው ደግሞ በያሪስ አምሳል የተሠራች የራሊ መኪና ናት። ከ2021 እስከ 2025 ሳፋሪን በየዓመቱ ያሸነፈው ቶዮታ ነው፤ በዚያ ዓመት ኤልፊን ኤቫንስ ነበር የነዳው። አጎቴ በሳምንት ስንት ቪትዝ እንደሚያክሙ አላውቅም። ያን ቀን ግን የገዛ ልጃቸው ስትሮጥ ያዩ ይመስሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ የወደዱት ግን ናይቫሻ ያለውን የጥገና ሰፈር ነው። መኪኖቹ በየመሀሉ ይመለሳሉ፤ መካኒኮቹ በተቆጠረ ደቂቃ ውስጥ የተሰበረውን አውርደው አዲስ ይገጥማሉ። አጎቴ ገመዱ ወዲህ ቆመው ሰዓታቸውን ይዘው ቆጠሩ። አንድ የኬንያ ቡድን ድንኳን ጋ ስንደርስ አንዱ መካኒክ ከመኪናው ሥር እጁን ብቻ አውጥቶ የሆነ ቃል ተናገረ፤ ረዳቱ ልጅ ቁልፍ አቀበለው። አጎቴ ዞረው አዩኝ። ምንም አልተባባልንም።

* * *

"ቀበሮዋ ነህ" ትሉኝ ይሆናል። ወይኑ ላይ መድረስ ሲያቅታት ጎምዛዛ ነው ያለችው። ከአውሮፓ ስትከለከል ናይቫሻ ጣፈጠህ።

አይደለም፤ ወይኑ ጎምዛዛ አይደለም። ሞንዛ ድንቅ ነው፣ ስፓ ድንቅ ነው። መከልከላችንም ስድብ ነው፤ ስድብነቱን ናይቫሻ አላጠበውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ በር ላይ ቆመን ስናንኳኳ ጀርባችንን የሰጠነው የተከፈተ በር ነበር፤ ያንን ማንም ፈረንጅ አላደረገብንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ነገሩ። ለማይመለስ የቪዛ ክፍያ፣ ለትርጉም፣ ለኢንሹራንስ ያፈሰስነው ብር የማንንም መካኒክ፣ የማንንም ሆቴል፣ የማንንም ውድድር አልጠቀመም። ናይቫሻ ላይ ያወጣነው ግን ጎረቤት አገር ላይ ያለ ውድድር በካላንደሩ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ሺህ ምክንያቶች አንዱ ነው። ስፖርት ተመልካች ወዳለበት ይሄዳል። የአፍሪካ ተመልካች የለም የሚሉን እኛ በሌለንበት ነው፤ እንገኝ።

ናይቫሻም ገነት አይደለችም። በራሊ ሰሞን የአልጋ ዋጋ ሰማይ ይነካል። እሑድ ማታ ወደ ናይሮቢ የሚመለሰው መንገድ ተዘግቶ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አልናገርም። ደግሞም ለአብዛኛው የአገሬ ሰው ይህም ቅንጦት ነው፤ አልክደውም። ለአውሮፓ የሚቆጥብ ሰው ካለ ግን ለእሱ ነው የምናገረው።

ስለዚህ የኔ የጉዞ ምክር ይሄው፦ ፓስፖርታችሁንና የቢጫ ወባ ካርዳችሁን አዘጋጁ። አልጋ ቀድማችሁ ያዙ፤ ከናይቫሻ ከተማ ራቅ ብላችሁም ቢሆን። በየቀኑ አንድ ቦታ ብቻ ምረጡና በሌሊት ድረሱ፤ ሁለት ቦታ ለማየት የሚሯሯጥ ሰው ሁለቱንም ያጣል። የአፍ መሸፈኛ ያዙ። መካኒክ ዘመድ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

* * *

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አጎቴ አላስጨረሱኝም።

ስንመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ ይህን ሁሉ ክርክሬን ነገርኳቸው። ከእንግዲህ ለማይመለስ ክፍያ አንድ ሳንቲም እንደማላወጣ፣ ሞንዛን እንደተውኩት፣ የሚቀጥለውም ጉዞ ናይቫሻ እንደሆነ። በጥሞና ሰሙኝ።

"ናይቫሻ ጥሩ ነበር" አሉ። "በጣም ጥሩ ነበር። እንመለሳለን።" ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ "ሞንዛስ?"

"ጋሼ፣ አሁን የነገርኩዎትን ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ። አንተ የተውከው ተናደህ ነው። እኔ አልተናደድኩም፤ ማየት ነው የፈለግኩት። እነሱ ስለከለከሉኝ ካልፈለግኩ ፍላጎቴንም እነሱ ወሰኑልኝ ማለት ነው።"

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። አቋሜን አልቀየርኩም፤ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አምንበታለሁ፣ የሚቀጥለውንም ራሊ ለማየት ቆጠባ ጀምሬያለሁ። ግን የአጎቴ ፍላጎት የኔ ክርክር ማስረጃ አይደለም። የሳቸው ነው።

ትናንት ማታ ላፕቶፔ ላይ ሁለት መስኮት ተከፍቶ ነበር። አንዱ የዚህ ጽሑፍ ረቂቅ ነው። ሌላው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሥራ የሚለውን ሞልቻለሁ። "የጉዞው ዓላማ" የሚለው ጋ ስደርስ ደውዬ ጠየቅኳቸው።

"ፌራሪ ልናይ ነው በላቸው" አሉኝ።